በበዓለ ሃምሳ የጾመው ልጄ

ከቤቴ የወጣሁ ዕለት የነበሩት ሰዎች እነዚህ ናቸው። ታላቅ ወንድሜ አያ ደምሴ፣ ሚስቱ ስንዱ፣ የአጥር ጎረቤቴ ዘይነባ፣ የንስሐ አባቴ መምሬ ኃይሌ፣ ስሟን የማልጠራት አንዲት የአክስቴ ልጅ፣ እሷ እንኳ እኔን ልትሸኝ ሳይሆን በጌን በርካሽ ልትገዛ የመጣች፣ በመጨረሻም ራሷ በጊቱ፣ ምሰሶው ሥር ታስራ። ቀኑ እሑድ ነው፤ ከቅዳሴ ተመልሰን፣ ፀሐዩ ዘቅዘቅ ብሎ። ሁላችሁም የተቀመጣችሁት ልጄ በላከው ብር ባሠራሁት ቆርቆሮ ሥር ነበር። ያልነበረው እሱ፣ አንዱ ልጄ ሞገስ ብቻ ነው። ዲላ ነበር፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ሁለተኛ ዓመት።

ይህን የምጽፈው እዚያ ከሐይቅ በላይ ላላችሁት ለእናንተ ነው፤ ልጅ ሩቅ ለላኩ እናቶችና እንደ እኔ ሰው አገር ለቀሩም ይሁን። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ ፊደሉን ናቲ የሚባል ተማሪ አርሞልኛል። ቃሉ ግን የእኔ ነው።

ለምን እንደወጣሁ አንዳንዶቻችሁ እስከ ዛሬ አታውቁም። ያን ቀን "ልጄ አሞታል" ብዬ ነው የወጣሁት። አፍሬ ነው።

ሞገስ ዲላ ከገባ ጀምሮ በስልክ የምጠይቀው አንድ ነገር ነበር። "በላህ ወይ?" እለዋለሁ። "እማ፣ ጾም እኮ ነው" ይለኛል። ነቢያትን ጾመ፣ ሁዳዴን ጾመ፣ ረቡዕና ዓርብን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመ። መምሬ እንኳ "በፈቃድ ነው" የሚሉትን የጽጌን ጾም እሱ አልተወውም። እኔ ደስ አለኝ። ደስ ማለት ብቻም አይደለም፣ ኮራሁ። ለመምሬ ነገርኩ፤ መምሬ ለማኅበሩ ሴቶች ነገሩ። የእነሱ ልጆች ከተማ ገብተው በሁዳዴ ሥጋ ይበላሉ ተብሎ ስለሚታማ፣ የእኔ ልጅ ስም ሲነሳ ነጠላዬን አስተካክዬ እቀመጥ ነበር። በዚያ ላይ በየወሩ ብር ይልካል። "ከየት አመጣኸው?" ብለው "የከተማ ልጆች አስጠናለሁ" አለኝ። አመንኩት። የሣር ክዳኑን አስፈርሼ ቆርቆሮ አለበስኩ።

በዚያው ዓመት ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ አንድ ረቡዕ ቀትር ላይ ደወልኩ።

"ምሳ በላህ?"

"እማ፣ ረቡዕ አይደል እንዴ፣ ጾም ነው።"

"ጎበዝ፣ እሱ ይቀበልልህ" ብዬ ዘጋሁት። ሽሮ እየነፋሁ ነበር። ወንፊቱን አንስቼ ሁለቴ ሦስቴ እንደነቀነቅሁት እጄ ቆመ። በዓለ ሃምሳ ውስጥ ነን። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕም ዓርብም ይበላል፤ የሚጾም የለም። ይህን የአምስት ዓመት ሕፃን ያውቃል። ሞገስ ደግሞ ድቁና ሊቀበል ጥቂት የቀረው ልጅ ነው። ጾሙን ረስቶት አይደለም። ቀኖቹ ሁሉ አንድ ሆነውበት ነው። መልሼ ደወልኩ፣ አላነሳም። በማግስቱም አላነሳም።

ለዘይነባ ብቻ ነገርኳት። "እንግዲህ የእናንተ ጾም ካልሆነ፣ የእኛም ረመዳን ካለፈ፣ ሄደሽ ማየት ነው" አለችኝ። ለመንገድ ያን ሁሉ በሶ የቆላችልኝ እሷ ናት። ለሦስት ቀን ብዬ የቤቴን ቁልፍ መቀነቴ ላይ ቋጥሬ ወጣሁ።

መንገዱን ምን ላውራችሁ። ደሴ አደርኩ፣ አዲስ አበባ አደርኩ። አንድ ኬላ ላይ አውርደውን ፈታሹ የበሶውን ከረጢት አየና ጣቱን ሰደደበት።

"ይሄ ሁሉ ለምንድን ነው?"

"ልጄ ተርቦ ነው።"

"የት ነው ያለው?"

"ዩኒቨርሲቲ።"

"ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይራባል?"

"እኔም እሱን ልጠይቅ ነው የምሄደው።"

ጣቱን ላሰና "ጥሩ በሶ ነው፣ እለፊ እናቴ" አለኝ።

ዲላ ስደርስ ዝናብ ነበር። እኛ አገር ሰማይ ተለምኖ ነው የሚሰጠው፤ እዚህ ሳይጠሩት ይመጣል። አፈሩ ቀይ ነው፣ ነጠላ ላይ ከረጨ አይለቅም። በየጓሮው ከቤት የሚበልጥ ቅጠል ቆሟል። ሙዝ መስሎኝ ፍሬውን ስፈልግ፣ አብራኝ የወረደች ሴት "እንሰት ነው፣ የሚበላው ሥሩና ግንዱ ነው" ብላ ሳቀችብኝ። የምግብ አገር ነው ብዬ ልቤ ትንሽ ተመለሰ። አቮካዶው መንገድ ዳር ተከምሯል፣ ሙዙ ተከምሯል። እዚህ መሃል ልጅ እንዴት ይራባል ብዬ ራሴን ገሠጽኩ።

የግቢው ጥበቃ "ማንን ፈልገው ነው?" አለኝ።

"ልጄን።"

"ዲፓርትመንቱ?"

"እሱን አላውቅም። ሞገስ ነው ስሙ። ረጅም ነው። ጿሚ ነው።"

"እናት፣ እዚህ ሁሉም ጿሚ ነው" አለኝና ቁጥሩን ተቀብሎ በራሱ ስልክ ደወለለት። ያኔ አነሳ።

ሲመጣ አላወቅሁትም። ከሩቅ የሚመጣው ልጅ ሱሪው ብቻውን የሚሄድ ነበር የሚመስለው። ቀበቶው የአባቱ ነው፤ ነፍሱን ይማረውና ሲሞት ለሞገስ የቀረችው እሷ ናት። ዱሮ መጨረሻዋ ቀዳዳ ላይ ይታጠቃት ነበር። አሁን ከዚያ ወዲያ በጋለ ምስማር የተበሱ ሦስት ቀዳዳዎች ነበሩ፤ የታጠቀው በሦስተኛው ነው። የተረፈው ጫፍ ዞሮ ጀርባው ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረው። አብሮት ናቲ ነበር፣ የዶርም ጓደኛው፣ የሆሳዕና ልጅ።

እናቶች፣ እዚህ ላይ ያደረግሁትን ስሙና እናንተ አታድርጉት። ልጄን አላቀፍኩትም። ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል "በበዓለ ሃምሳ ትጾማለህ?" የሚል ነው። ጓደኛው ፊት፣ ጥበቃው ፊት። "እግዚአብሔርን መሸፈኛ አደረግኸው" አልኩት። ከስቶ ሳየው ደንግጬ ነው፤ ድንጋጤዬ በቁጣ ወጣ።

የበሶውን ከረጢት ከእጄ ተቀበለኝ። ቆይቶ "እማ፣ ቆርቆሮው ያፈስሳል?" አለኝ።

"አያፈስስም" አልኩት።

"ጥሩ ነው" አለ።

የሚያስጠናቸው ልጆች አልነበሩም። የሚልከው የምግቡን ብር ነው።

በማግስቱ እሱ ሳያውቅ ወደ ቢሮ ሄድኩ። አንድ ትሑት ወጣት ስሙን መዝገብ ላይ ፈልጎ "ነን ካፌ ነው" አለኝ።

"ምንድን ነው እሱ?"

"ግቢ ውስጥ የማይመገብ ማለት ነው። የምግቡን ብር በእጁ ወስዶ ውጭ ይበላል።"

"ውጭ አልበላም።"

"እሱን እኛ አናይም፤ ወስዶ ፈርሟል።"

"እንግዲያው መልሱትና ከማዕዱ አስቀምጡት።"

"እናቴ፣ ነን ካፌ የገባ በሴሚስተር መሃል ወደ ካፌ አይመለስም። ለሚቀጥለው ይመዝገብ።"

"እስከዚያ ምን ይብላ?"

"ብሩን ይብላ።"

"ብሩን እኔ በላሁት። ቤቴ ላይ ቆርቆሮ ሆኗል።"

ልጁ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ቆርቆሮ ወደ ምግብ የሚመልስ ፎርም የለንም፣ እናቴ" አለኝ። አልሳቀም። ውኃ አስመጣልኝ።

ካልመለሱት እኔ አበላዋለሁ ብዬ ቤት ፍለጋ ወጣሁ። ወደ ሞያሌ በሚሄደው መንገድ ዳር ያለች ወይዘሮ ማርታ የምትባል የጌዴኦ ሴት በር አንኳኳሁ። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም፤ ልብዋ ግን ሁሉን ይለያል።

"ና ግባ፣ ዝናብ ይመታሃል" አለችኝ። "ባል አለህ?"

"ሞቷል።"

"አይዞህ። ቤቱን ለስንት ቀን ነው?"

"ለሦስት ቀን።"

"ለሦስት ቀን አላከራይም። በወር ነው።"

"እንግዲያው የወሩን ከፍዬ በሦስተኛው ቀን እሄዳለሁ።"

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። "እናት አይደለህ? አትሄድም" አለችና ቁልፉን ሰጠችኝ። ያው እንደምታዩት አልሄድኩም።

ማርታ ጴንጤ ናት፤ የእኛን ጾም አትጾምም። የልጄን ነገር ስነግራት ቆጮ እየቆረሰች ታደምጠኝ ነበር። ቆጮውን አልለመድኩትም ነበር፤ ለእኔ ጎመኑን ወደፊቴ ገፋ አድርጋ "እኛ ቤት ልጅ አልበላም ካለ ታሟል እንላለን። እናንተ ቤት ጻድቅ ሆኗል ትላላችሁ" አለችኝ። ስድብ አልነበረም። የገረማትን ነው የተናገረችው።

ተማሪዎች እንዴት እንደሚኖሩ የተማርኩት ከናቲ ነው። ጠዋት ሻይ በዳቦ ነው፤ ብልሆቹ እስከ አምስት ሰዓት ተኝተው ቁርሱን ያልፉታል። ምሳ ሁለት ሆነው አንድ ሽሮ ያዛሉ፤ አንዱ እንጀራ ጨምሩልን ይላል፣ ሌላው ወጥ። በአቮካዶ ወራት ዳቦ ሰንጥቀው አቮካዶ መቀባት ነው፤ ያ እንኳ ደግ ምግብ ነው። የካፌ ጓደኛ ያለው የጠዋት ዳቦ በኪስ ይመጣለታል። ሞገስ ግን ከዚህም ቆጥቧል። ጓደኞቹ ምሳ ሲወጡ "ጾም ነኝ" ይላል፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ላይብረሪ ነው። ማታ አንድ ሙዝ። "ማዘር፣ ጾም ነኝ የሚልን ሰው ማን ብላ ብሎ ያስገድዳል?" አለኝ ናቲ። እውነቱን ነው። እኔስ በስልክ "ጎበዝ" አልነበር የምለው?

ምድጃ ገዛሁ። ምስር፣ ቦሎቄ፣ ጎመን፣ ሽሮ። ሞገስ ሦስት ቀን መጥቶ በላ። አንገቱን ደፍቶ ይበላል፣ እኔ ጉርሻውን እቆጥራለሁ። በአራተኛው ቀን ናቲ አብሮት መጣ፤ በሳምንቱ ሌሎች ነን ካፌዎች መጡ። "ማዘር፣ በወር እየከፈልን እንብላ" አሉኝ። የቤት ኪራዩም ስለከበደኝ እሺ አልኩ። ከሁሉ በፊት ግን ልጄ ብቻውን ሲበላ ይጨነቃል፣ ሰው መሃል ይቀለዋል ብዬ ነው። ስሕተቴ ሁለት ሆነ።

አንድ ቀን ሰሃን ሳጥብ ገባ። የክፍሉ ልጆች ወንበር ላይ ተቀምጠው ይስቃሉ።

"እማ፣ ተይው፤ እኔ አጥበዋለሁ" አለኝ ቀስ ብሎ።

"ተቀመጥና ብላ።"

"ከእኔ ጋር የሚማሩ ልጆች ናቸው። ሰሃናቸውን አትጠቢ። ወደ አገርሽ ተመለሽ፣ እኔ እበላለሁ።"

"ሰሃን ማጠብ ነውር አይደለም" አልኩት። "ነውሩ መዋሸት ነው።"

ሳቁ ቆመ። ሁሉም ሰሙ። ሞገስ ሰሃኑን ሳይነካ ወጣ። ከዚያ በኋላ በሁለት ቀን አንዴ፣ በሦስት ቀን አንዴ ሆነ። ሲመጣ "በልቼ ነው የመጣሁት" ይላል። "ጾም ነው" ግን ዳግመኛ ብሎኝ አያውቅም። ያንን ቃል ከአፉ የነጠቅሁት እኔ ነኝ፤ ለረሃቡ የነበረችውን አንዲት ልብስ ነው የገፈፍኩት።

የማጠቃለያ ፈተና ላይ ጨጓራው ተነሣበት። ሁለቱን ፈተና ጥሎ ወጣ። ውጤቱ ሲመጣ ከግቢው የሚያሰናብት ሆነ። ለእኔ አልነገረኝም፤ ከናቲ ነው የሰማሁት። ቦርሳውን ይዞ ሲመጣ ላቅፈው ተዘጋጅቼ ነበር። እውነቴን ነው፤ የምለውን ሳይቀር አስቤ ነበር፤ "ቤቱ እንደሆነ አያፈስስም፣ ግባና ተኛ" ልለው። ደጃፉ ላይ ቆሞ "ናቲ ጋ ሆሳዕና ደርሼ ልምጣ፣ ሥራ አለ" አለኝ። አንድ ከረጢት በሶ ሰጠሁት፤ የዘይነባን፣ የተረፈውን። ተቀበለኝ። ጉልበቴን ሳመ። መኪናው ሲሄድ አየሁት።

ሥራ ያለው ሆሳዕና አልነበረም። የናቲ የአጎት ልጅ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ከከፈቱት ጋር ሊቀላቀል ሲነሣ ሞገስ አብሮ ተነሥቷል። ናቲ ይህን ሲነግረኝ አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም፤ ድስት ጥጄ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በማላውቀው ስልክ ደወለ።

"እማ።"

"የት ነህ?"

"ሞያሌ። ነገ እንሻገራለን። የሰው ስልክ ነው፣ አላስረዝምም።"

"ሞገሴ፣ በላህ?"

የመኪና ጡሩምባ ይሰማኛል።

"በልቻለሁ፣ እማ።"

"ምን?"

ተቋረጠ። መልሼ ስደውል ባለስልኩ አነሳ፤ ልጁ ሄዷል አለኝ።

ያ የዛሬ ዓመት ከአራት ወር ነው። አንድ ፋሲካም እዚሁ አለፈኝ። አያ ደምሴ፣ "ነይ፣ ቤትሽ ቆሟል" እያልክ ትልክብኛለህ። ወንድሜ፣ በዚያ ቆርቆሮ ሥር መተኛት አልችልም። ዝናብ ሲመታው የሚሰማኝን እኔ ነኝ የማውቀው። ስንዱ ከልጆቿ ጋር ትግባበት፤ ጭስ ብቻ አታብዛበት። ደግሞም እዚህ የቀረሁት በከንቱ አይደለም። ከሞያሌ የሚመጣ መኪና ሁሉ በደጄ ነው የሚያልፈው። አንድ ቀን አንዱ ይቆማል።

አሁን ቆጮ ለምጃለሁ፤ ማርታም የእኔን ሽሮ ለምዳለች። እሷ አሁንም "አንተ" ትለኛለች፣ እኔም እሺ እላለሁ። ተማሪዎቹን አበላለሁ። ለሌላችሁ ልጆችም የምመክረው ይህን ነው፤ ብር መቆጠብ ካለባችሁ ሦስትና አራት ሆናችሁ ቦሎቄና ሽሮ በአንድ ድስት አብስሉ፣ ጎመን ከገበያ ግዙ፣ አቮካዶ ሲረክስ ብሉ። ከዋጋው ቆጥቡ፣ ከሆዳችሁ ግን አትቆጥቡ። "ጾም ነው ማዘር" የሚለኝን ልጅ አልቆጣውም። "የትኛው ጾም ነው?" እለዋለሁ፤ መልስ ካጣ ዝም ብዬ አቀርብለታለሁ፤ ሌሎቹ እንዳይሰሙም ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። ይህን ለመማር የከፈልኩትን ታውቃላችሁ።

እናቶች፣ በስልክ "በላህ ወይ?" አትበሉ። "በልቻለሁ" ማለት ለልጅ ቀላል ነው። "ምን በላህ? ከማን ጋር በላህ?" በሉ። ልጁ ዝም ካለ አትቆጡ፤ ቀድማችሁ እቀፉት።

አሁን ልመናዬን ልናገር። በሞያሌም፣ በኬንያም፣ ከዚያም ወዲያ ባሉት አገሮች የምትኖሩ የአገሬ ልጆች፣ ሞገስ የሚባል ረጅም የወሎ ልጅ አይታችሁ እንደሆነ ንገሩኝ። የግራ ቅንድቡ ላይ የድንጋይ ጠባሳ አለችው። ወገቡ ላይ አሮጌ ቡናማ ቀበቶ አለ፤ ከጫፉ ወዲህ በምስማር የተበሱ ሦስት ቀዳዳዎች አሉበት። አድራሻውን መናገር ካልፈለገ ግድ የለም፣ አታስገድዱት። እኔ የማውቀው በሦስተኛው ሲታጠቅ ነው። አሁን በየትኛው ቀዳዳ እንደሚታጠቅ ብቻ አይታችሁ ላኩብኝ።